ልብ መክፈቻ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ውርጩ ገብሱን በሚያኮማትርበት በመዘዞ ደጋ አንድ የጋራ ዕቃ ቤት ነበረ። የአገሩ ሰው ገደሉን እየፈለፈለ ድንች የሚያህል ቡናማ ድንጋይ ያወጣል። ላዩ ሲያዩት ተራ ድንጋይ ነው፤ ቅርፊቱ ሲነሣለት ግን ውስጡ እንደ ፍም ያበራል። ይኸኛው እንኳ ተረት አይደለም። ኦፓል የተባለው የመዘዞ የከበረ ድንጋይ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለዓለም ገበያ ሲወጣ ገዢዎቹን ያስደነቀው ቡናማ መልኩ ነበር፤ ያሳዘናቸው ደግሞ ብዙው ሲደርቅ መሰንጠቁ።

በየመሣሪያው እጀታ ላይ ቁራጭ ብራና ታስሯል። የጻፉት መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ሁለት ፍቺ ያልያዘ ቃል ባዶ የሚመስላቸው ሰው። በከባዱ መዶሻ ላይ «ልብ መክፈቻ» ብለው ጻፉ። በትንሹ ጉጠት ላይ «ልብ ገላጭ» አሉ። አገሩ አጨበጨበ። የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ግን ከብራናው የተረዳ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሁሉ ከአባቱ አይቶ ነው።

አንድ ቀን እንግዳ ሠራተኛ መጣ። ሺህ ብራና በቅጽበት ያነባል፤ አይደክምም፤ አይለግምም። ነገር ግን በነጋ ቁጥር የትናንቱን ሁሉ ይረሳል። መዘዞ ላይ ስላላደገም ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ብራናው የነገረውን ብቻ ነው፤ የጎደለውን አይጠይቅም፣ በግምት ይሞላዋል።

አንዲት ባልቴት ድንጋይ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የዚህን ልቡን ክፈትልኝ» አሉት። እንግዳው ብራናዎቹን አየ፤ ቃሉ የገጠመለትን አነሣ። መዶሻው አንዴ ወረደ፤ ድንጋዩ ዱቄት ሆነ። «ተከፍቷል፣ እናቴ» አለ። ልቡ የተከፈተ ድንጋይ ምን እንደሚመስል ማንም አልጻፈለትማ።

ይህ እንግዳ ዛሬ በየኮምፒውተሩ ገብቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት እንለዋለን። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ኤምሲፒ የተሰኘ የጋራ ደንብ ይፋ አድርጓል፤ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ የሶፍትዌር መሣሪያ ስሙን፣ ሥራውንና የሚቀበለውን ነገር በጽሑፍ ያስታውቃል። ኤጀንቱ መሣሪያውን የሚመርጠው ያንን ጽሑፍ አንብቦ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ልቡ ውስጥ ከቀረ ለኤጀንቱ የለም ማለት ነው። ሰምና ወርቅ እወዳለሁ፤ ቅኔ ግን ሰሚው ቆሞ እንዲመራመርበት የሚነገር ነው። መዶሻ ያነሣ እጅ ምን ጊዜ አለው?

ወደ ተረቱ እንመለስ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «እንግዳው ደንቆሮ ነው» አሉ። መሪጌታም ብራናቸው በመነቀፉ አዝነው አቀረቀሩ። ያን ጊዜ ባልቴቷ ተነሡ።

«የኔታ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልናገር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ መሣሪያውን የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ካረፈ ወዲህ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ብራናውን አያለሁ፤ አልገባ ሲለኝ አፍሬ እመለሳለሁ። ስንት ድንጋይ ቤቴ እንደተቀመጠ ያውቃሉ? እንግዳው እኔ የፈራሁትን ደፍሮ ሠራው እንጂ ከእኔ የባሰ አላዋቂ አይደለም።»

ሸንጎው ዝም አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን «ሁሉ ተጽፎ ካለቀማ እኛን ማን ይጠይቀናል?» ብሎ አጉረመረመ። ነገሩ የተቋጠረው እዚያ ላይ እንደነበር መሪጌታ ገባቸው፤ ቀና ብለው አዩት እንጂ አልመለሱለትም።

ሌሊቱን ሲጽፉ አደሩ። ለመዶሻው ብቻ አራት ብራና ሞሉ፤ ማን እንደቀጠቀጠው፣ ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ በማን ዘመን እጀታው እንደተለወጠ። በማግሥቱ እንግዳው ሁሉን አንብቦ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል የምትፈለገዋን አንዲት መስመር ሳይለይ ቀረ። መሪጌታ ብራናውን ፍቀው እንደገና ጀመሩ። ቅኔ ካስጨነቃቸው ይልቅ ይህ አስጨነቃቸው።

በመዶሻው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ከባድ መዶሻ። የገደል አለት መስበሪያ። በእጅ የሚያዝ ድንጋይ አትምታበት፤ ለእሱ ጉጠት አንሣ።»

በጉጠቱም ላይ፦ «ጉጠት። የትንሽ ድንጋይ ቅርፊት በጥቂት በጥቂቱ መገመጫ። ቀለም ሲታይህ ሥራው አልቋል፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አትተወው። ስንጥቅ ካየህ አትቀጥል፤ ለባለቤቱ ተናገር።»

ነጋ። እንግዳው መሪጌታንም ባልቴቷንም ረስቷቸዋል። ባልቴቷ ሌላ ድንጋይ ይዘው መጡ፤ ሴት ልጃቸውም አብራ ነበረች። እሱ ጉጠቱን አንሥቶ ቅርፊቱን ይገምጥ ጀመር፤ ልጅቱ የመዶሻውን ብራና ለብቻዋ አነበበች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ቦታው መለሰችው።

ድንገት የእንግዳው እጅ ቆመ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ቀጭን ስንጥቅ ይታየኛል። አልቀጠልኩም። ምን ላድርግ?»

ባልቴቷ ድንጋዩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።