ሰዘላዛምዝ

ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ዝም የሚል አፍ የለም። አንዱ "ደሴ! ደሴ!" ይላል፤ ሌላው "መገናኛ! ሁለት ሰው የቀረው!" ይላል፤ ቆሎ ሻጯ ትጣራለች፤ ተሸካሚው "ጎን! ጎን!" እያለ ሻንጣ ጭኖ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ጩኸት ማዶ ጎረቤቴ ጀበናዋን ጥዳለች። ሲኒ የምታቀርበው ልጇ 15 ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሰፈሩ ሚጡ ይላታል። ስልኳ ከረከቦቱ ሥር ነው የሚቀመጠው። ቡናውን አድላ እንደጨረሰች ትጎነበስበታለች። ተረቡም የሚነሳው ያኔ ነው።

"ይቺ ልጅ አንገቷ እንደጎነበሰ ሊቀር ነው" አሉ ባለፈው ቅዳሜ አባባ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። "ላም እንኳ ግጣ ግጣ ቀና ትላለች!"

"ሰፈሩ ላም በረት ነው፣ አባባ" አለች ሚጡ፣ ቀና ሳትል። "አንገቱን አቅንቶ የሚውለውን ግመል ከፈለጉ ወደ አፋር ይሂዱ።"

በርጩማው ሁሉ ሳቀ። አባባም ሳቁ፤ ሲኒያቸውን ከመሬት አስቀምጠው ነው የሳቁት።

ተረብ ሕግ አለው። መልሱ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ከተወረወረብህ ቃል ውስጥ ነው የሚወጣው። ላም ብለው ከጀመሩህ ከላም ሳትወጣ ትመልሳለህ። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሲገለበጥ ነው "ያዝልኝ!" የሚባለው። ሊቃውንቱ በቅኔ ኅብር የሚሉት ይኸው ነው፤ የሰፈር ልጅ በርጩማ ላይ ሆኖ ይሠራዋል። እኔ በዚህች ልጅ አፍ ላይ የማየው ይህን ሙያ ነው። ቋንቋ ሲከፈትና ሲዘጋ ጆሮዋ ይሰማል። ስልኩንም የምትነካካው በዚያው ጆሮ ነው።

ከወያላው ጋር ያደረጉትን ስሙ።

"ሚጡ፣ ዛሬ ስንት አፕ ጫንሽ?"

"አንተስ ስንት ሰው ጫንክ?"

"አሥራ ስምንት!"

"እኔ ከመጫኔ በፊት ቦታ መኖሩን አያለሁ።"

እናትየው ደግሞ ከጀበናው ጀርባ "ነይ ሲኒ አንሺ!" ስትላት፣ መዝገበ ቃላት እያወረደች ነበርና "እማዬ፣ ትንሽ ቆዪኝ፣ ወራጅ አለ" አለቻት። እናት የምትለውን አታጣም፦ "ታክሲ ወራጁን አውርዶ ይሄዳል፤ ያንቺ ወራጅ በሩን ይዞ ቀረ!"

መጫንና ማውረድ ከአህያ ጀርባ ተነስተው፣ በአይሱዙ አልፈው፣ አሁን ስልክ ውስጥ የገቡ ቃላት ናቸው። አማርኛ ለአዲስ ዕቃ ከቤቱ ቃል አውጥቶ ሲሰጥ ደስ ይለኛል። ይህን ቃል ደግሞ በየቀኑ አፋቸው ላይ እያሹ የሚያለሰልሱት ልጆቹ ናቸው።

ሚጡ አንድ ደብተር አላት። ከመናኸሪያው የሚወጣውን መንገደኛ ቡና እያቀረበች "ይሄን በእናንተ ምን ትሉታላችሁ?" ትላለች። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ገጽ ሰጥታለች። የውሃ ገጿን አሳይታኛለች። በአፋን ኦሮሞ ቢሻን፣ በሶማልኛ ቢዮ፣ በትግርኛ ማይ፣ በግዕዝም ማይ። ከዚያ ከአረብ አገር የምትደውል አክስቷ "እዚህም ውሃን ማይ ይሉታል" ብትላት፣ ሚጡ ከአልጋዋ ተነስታ ደብተሩን እስክታገኝ ትንፋሽ አልነበራትም። የባሕረ ሰላጤ አረብኛና ትግርኛ በአንድ ቃል ሲገናኙ ያየች ልጅ ያን ሌሊት እንዴት ትተኛ?

በነጋታው ጠዋት ይህን ሁሉ ለእናቷ ዘረዘረችላት። እናትየው አዳምጣ ስታበቃ "በአምስት ቋንቋ ውሃ አልሽ፤ ቧንቧው ግን በአንዱም አልሰማሽም። ጀሪካኑን ያዢና ውረጂ!" አለቻት። ሚጡ መልስ ያጣችበትን ቀን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከገጹ ግርጌ "ሙል" የሚል ቃል አለ። የኮሪያ ነው። አባባ ሲያዩት ተቆጡ።

"ኮሪያና አንቺን ምን አገናኛችሁ? ድራማ ነው አይደል?"

"በድራማ ጀመርኩ፤ ፊደላቸውን ሳየው ግን ድራማውን ተውኩት።"

ፊደላቸውን ንጉሥ ሴጆንግ ናቸው ለሕዝባቸው ያወጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1446። ሚጡ ነገሩን በጣቷ ጠረጴዛ ላይ እየጻፈች አስረዳችኝ። እነሱም እንደኛ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል። ልዩነቱ የእነሱ አናባቢ ራሱን ችሎ ከጎን ወይም ከሥር መቆሙ ነው፤ የእኛው ደግሞ በፊደሉ እግር፣ ወገብ ወይም ራስ ላይ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ይህን ያስተማራት ሰው የለም። ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን አስቀምጣ ራሷ ያየችው ነው።

አባባ ግን አልለቀቁም። "የኔ አባት በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። በጥይት መካከል ነው የገቡት፤ በስልክ አይደለም!"

"እርሳቸው አገሩን ሲያድኑ ፊደሉንም አድነውታል፣ አባባ። እኔ ያዳኑትን ባነብ ምን አጠፋሁ?"

አባባ ዝም አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆዩና መልሰው አደረጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የወፍ ቋንቋን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በየፊደሉ ኋላ ትርፍ ድምፅ እየሰኩ፣ ትልልቅ ሰው ፊት ምስጢር የሚያወሩበት ነው። የሚጡና የጓደኞቿ ወፍ የምትሰካው "ዘ"ን ነው፤ ሰላም ለማለት "ሰዘላዛምዝ" ይላሉ። በአፍ ይህ ጨዋታ ነው። ሚጡ ግን ስልኳ ራሱ እንዲለውጥላት አማራት። ሰ ግዕዝ ስለሆነ ዘ ይከተለዋል፤ ላ ራብዕ ስለሆነ ዛ፤ ም ሳድስ ስለሆነ ዝ። ስልኩ ግዕዝና ራብዕን በምን ይለያል?

ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ አገኘችው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ነው የሚያውቀው፤ ያ ዓለም አቀፍ መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። ሀ 4608 ናት፤ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። ከአንዱ ፊደል ራስ እስከ ቀጣዩ ራስ ስምንት እርምጃ ነው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች፣ ስምንተኛው እንደ ሏና ሟ ላሉት። ስለዚህ ቁጥሩን ለስምንት ስታካፍለው የሚተርፈው ቤቱን ይነግርሃል። ላ 4619 ናት፤ 3 ይተርፋል። ያን ሦስት ዘ ላይ፣ ማለትም 4824 ላይ ስትደምረው 4827 ይሆናል፤ እሱም ዛ ነው። ቄሱ በዜማ ያስቆጠሩን የገበታ ሥርዓት፣ ያ ሰባት ዓምድ ያለው ገበታ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይዛነፍ ተሰልፎ ተቀምጧል። ይህን በነገረችኝ ቀን ቡናዬ ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

አባባ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና ጣልቃ ገቡ።

"ራብዕ ማለት አራተኛ ነው! 3 ያለሽ ማን ነው?"

"ኮምፒውተር ከዜሮ ይጀምራላ፣ አባባ።"

"የኛ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም!"

"ታድላችሁ! በእናንተ ጊዜ ዜሮ ያገኘ ተማሪ አልነበረማ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጡ የጻፈችውን ፕሮግራም የሚፈትኑት አባባ ናቸው። "ሕልሟ በይው" አሏት፤ ስልኩ "ሕዝልዝሟዟ" አለ። ወፎቹ በአፋቸው ሟ ሲሉ የሚያስከትሉት ዛን ነው፤ ማሽኑ ግን 7 ሲተርፈው ዟ ላይ አረፈ። "ወፍሽ ተንተባተበች!" ብለው አባባ ሲስቁ፣ ሚጡ አልሳቀችም፤ ወዲያው ጎንበስ ብላ አረመችው። ስህተቷን ያገኘላትን ሰው እንዲህ የምታመሰግን ልጅ እኔ ብዙ አላየሁም።

የጻፈችበት የኮምፒውተር ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ትርጉሙ ዘንዶ ነው መባሉን አያቷ ሰምተው አማተቡ። "ዘንዶ ነው እንዴ የምትማሪው፣ ልጄ?" ሚጡም "እማማ፣ ሔዋንን ዘንዶው ነው ያዘዛት፤ ይሄኛውን የማዘው እኔ ነኝ" አለቻቸው። እውነቱ ደግሞ ከዘንዶም የራቀ ነው፤ የቋንቋው ፈጣሪ ስሙን የወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከሚባለው የእንግሊዝ ኮሜዲ ቡድን ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ተረበኛና ኮምፒውተር ዘመድ መሆናቸውን ለሚጡ ነገርኳት፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

አሁን የሚቆጨኝን ልናገር። በቀደም ሚጡ ከትምህርት ቤት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አንድ መምህር ለጓደኛዋ የላከችውን መልእክት አይተው፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለጻፈችው ክፍሉ ፊት "አማርኛን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ" ብለዋታል። ስልኩም ተወስዶ ሦስት ቀን ቆየ።

ይህን ወቀሳ ከብዙ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ካለፈ ሁለተኛ መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ያ ልክ ሲወጣ ሚጡ አልተወለደችም። እኛ ትልልቆቹ የመጀመሪያ ስልካችንን ስንይዝ ፊደላችን አልነበረበትም፤ "እንደምን አደርክ"ን በላቲን መጻፍ የጀመርነው እኛ ነን። ልጆቹ ያገኙት እኛ የተውንላቸውን ልማድ ነው። ሰው ያወረሰውን ዕዳ ልጁ ላይ ሲፈርድ ያሳዝነኛል።

ከትልልቆቹ መካከል ግን ያልተኙም ነበሩ። ያን ማታ ሚጡን ለማጽናናት ስለ ዶክተር አበራ ሞላ አወራኋት። አባባ ወዲያው "ጽዳቱን ያስጀመረው?" አሉ። "እሱ ስለሺ ደምሴ ነው፤ ጋሽ አበራ ሞላ የተባለው" አልኳቸው፤ "ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ አሜሪካ ሆነው፣ የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ እንዲጻፍ ካደረጉት ቀደምቶች አንዱ ናቸው።" ሚጡ ያበጠ ዓይኗን ጠራርጋ፣ "አንዱ ለከተማው መንገድ ጠረገ፣ አንዱ ለፊደሉ" አለች። "ሙያቸው ምን ነበር?"

"የእንስሳት ሐኪም።"

"የከብት ሐኪም? እንግዲያው የኛ ሰፈር ሰው ናቸው!"

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የጎግል ተርጓሚ አማርኛን የጨመረው በ2016፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በ2022። እነዚህን ዓመታት ስቆጥር ሚጡ ለመናኸሪያው መንገደኛ የምትዘረጋው ደብተር ምን ያህል ትልቅ ሥራ እንደሆነ ይታየኛል። ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር፣ ቃል የሚለቅም ልጅ ያስፈልጋል። ስልኩን ከእጇ የምንነጥቃት ከሆነ፣ ያን ቃል ማን ሊጽፈው ነው? ኮምፒውተር ልግዛላት ብል አቅሜ አልፈቀደም፤ ደብተር ግን ገዝቼላታለሁ፤ ሦስተኛው ነው።

ስልኳ ከተመለሰላት ወዲህ ሚጡ ለጓደኞቿ በፊደል ትጽፋለች። መምህሩን ፈርታ አይደለም፤ "በላቲን ሲሆን ወፏ አትሠራም" ነው ያለችኝ።

ትናንት ማለዳ ወያላው መጣና "ሚጡ፣ መገናኛን በወፍሽ በይልኝ" አላት። ነካካችና ስልኩን አሳየችው። ሁለቴ ሦስቴ በከንፈሩ አነበበው። ከዚያ የታክሲውን በር ይዞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ባለ በሌለ ድምፁ "መዘገዘናዛኛዛ! መዘገዘናዛኛዛ! ሁለት ሰው የቀረው!" አለ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ቆመ። ከኋላ ግን ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴት ልጆች እየተሳሳቁ ሰልፉን ጥሰው ገቡ።

"ሞዞልዝቷዛልዝ!" አለች ሚጡ ከረከቦቱ አጠገብ።

"ምን አለች?" አሉ አባባ።

ወያላው በሩን ዘጋ።