ገድለ ርካሽ ትኬት

ትሕርምትና ተጋድሎ ከዚህ ዓለም ጠፍተዋል፣ ያሁኑ ትውልድም ሌሊቱን ቆሞ ማንጋትን ፈጽሞ ረስቶታል እያሉ የሚያዝኑ አረጋውያን ቢኖሩ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ወደ ናይሮቢ መጥተው፣ በዌስትላንድስ ከሳሪት ሴንተር አካባቢ ከቆሙት ፎቆች ወደ አንዱ መስኮት ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ገጽ ሳይነቅል፣ ለዕረፍት ወደ ጃፓን የሚያደርስ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት የሚፈልግ አንድ ያገራችንን ሰው በዚያ ያገኛሉና፣ ኀዘናቸው ከንቱ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይረዱታል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። መንቀፍ ቀላል ነው፤ ደግሞም ተጋዳዮቹ እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፣ ብነቅፋቸው በሰንበት ቡና የሚጠራኝ ቤት አጣለሁ። ሐሳቤ ድካማቸው ሳይጻፍ እንዳይቀር፣ ለሚመጣውም ትውልድ ምሳሌ እንዲሆን፣ በሚገባው ማዕረግ መመዝገብ ብቻ ነው። ስሙን ስለማልጠራው አቶ እገሌ እንበለው።

የሥርዓቱ ቀኖና በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም፤ ከልደት በዓል ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ቴሌግራም እየተሻገረ የደረሰን ትውፊት ነው። ትኬት የሚፈለገው ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ በሌላ ቀን የፈለገ ጾም እንደ ገደፈ ይቆጠራል። አየር መንገዶች የሳምንቱን ቅናሽ በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ያወጡ የነበረበት ዘመን የዚህ እምነት መነሻ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለዋወጥ መሆኑ ግን ትውፊትን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ሁለተኛውም ምሥጢር በስውር መስኮት መግባት ነው፤ ኩባንያው አቶ እገሌ ጃፓንን እንደ ተመኘ ያወቀ እንደ ሆነ ወዲያው ዋጋውን ይሰቅልበታል ይባላልና፣ ፊቱን ተሸፋፍኖ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ የፓስፖርቱን ቁጥርና የባንክ ካርዱን በገዛ እጁ አንድ ባንድ ይሞላል። ከዚህ ማዕረግ ከፍ ያሉት ደግሞ በቪፒኤን አማካይነት ዛሬ ካይሮ፣ ነገ ማኒላ የተቀመጡ መስለው ይፈልጋሉ፤ እኔም አንዱን ወዳጄን ሰላም ለማለት ብደውልለት፣ ለጊዜው በቦነስ አይረስ መሆኑን ከሳሎኑ ሆኖ ነግሮኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የትርጓሜው ትምህርት ነው። የቀድሞ ሊቃውንት አንድ ኃይለ ቃል ይዘው ሲያመሠጥሩ ውለው እንደሚያድሩ፣ አቶ እገሌም ከትናንቱ 20 ዶላር የቀነሰ ዋጋ ያየ እንደ ሆነ አይገዛውም፤ ያመሠጥረዋል እንጂ። አንድም፣ መውረድ ጀምሯልና ነገም ይወርዳል ሲል ነው፤ አንድም፣ እኔን ለማጥመድ ነው፤ አንድም፣ አንድ ወንበር ብቻ ስለ ቀረ ነው፤ አንድም፣ ብዙ ወንበር ስለ ተረፈ ነው። ትርጓሜውን ፈጽሞ ወደ ንባቡ ሲመለስ፣ ዋጋው 40 ዶላር ጨምሮ ይጠብቀዋል። “ወይኔ!” ብሎ ሲጮህ ባለቤቱ ሌባ የገባ መስሏት ከእንቅልፏ ትባንናለች።

“ምን ሆንህ?”

“ጨመረ።”

“ምኑ?”

“ጃፓን።”

“አንተ ሰውዬ፣ ጃፓንማ የትም አትሄድም፤ ተኛ።”

ይህ ሰው በጠባዩ የዋጋ ጭማሪን የማይታገሥ እንዳይመስላችሁ። በዋያኪ ዌይ ዳር ቆሞ ሳለ ዝናብ ያካፋ እንደ ሆነ፣ የማታቱው ረዳት የታሪፉን እጥፍ ሲጠራበት ያለ አንዳች ክርክር ከፍሎ ይገባል፤ በናይሮቢ ዝናብ ሲዘንብ ዋጋ መጨመሩ እንደ ነጎድጓዱ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ ነውና። አየር መንገዱም ከዚህ ረዳት የተለየ ሥራ አይሠራም፤ ረዳቱ ቀና ብሎ ደመናውን ያያል፣ የአየር መንገዱ ማሽን ደግሞ የባዶውን ወንበር ቁጥር፣ ለበረራው የቀረውን ቀንና የገዢዎችን ብዛት ያያል፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። አቶ እገሌ ግን ለረዳቱ ይገዛል፣ ማሽኑን ድል ልንሣ ይላል።

ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። የአሜሪካ መንግሥት የአውሮፕላን ጉዞን ዋጋ ከመወሰን እጁን የሰበሰበበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣ በኋላ፣ ፒፕል ኤክስፕረስ የምትባል አንዲት አዲስ ኩባንያ ወንበሯን ሁሉ በርካሽ እየሸጠች ታላላቆቹን አስጨነቀቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካን ኤርላይንስ መልስ ሰጠ፤ መልሱም ወንበርን ሁሉ ማርከስ አልነበረም፤ በየበረራው በቁጥር የተወሰኑትን ብቻ አስቀድሞ ለሚገዛ ሰው በርካሽ እየሰጠ፣ የቀሩትን ለሚቸኩለው ነጋዴ በውድ ማቆየት ነበር እንጂ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒፕል ኤክስፕረስ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቅላ ስሟ ከሰማይ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ረድፍ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ የማይቀራረብ ሆነ። ወንበሩ አንድ ሲሆን ማዕረጉ በፊደላት ተለየ፤ ለየማዕረጉም አጥር ቆመለት። አጥሩ ከመከራ የተሠራ ነው፤ ለብዙ ዘመን ቅዳሜን በሄዱበት አገር ማደር ግዴታ ነበረ፣ ዛሬም ቀን አለመለወጥ፣ ገንዘብ አለመመለስ፣ በውድቅት ሌሊት መነሣት፣ በመካከለኛው ጣቢያ ተቀምጦ መንጋት አለ።

ይህን ምሥጢር አውሮፕላን ከመወለዱ አስቀድሞ ያወቀው ዱፕዊ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 በጻፈው ሐተታ፣ አንዳንድ የባቡር ኩባንያዎች የሦስተኛውን ማዕረግ ሠረገላ ያለ ጣራ የሚተዉት የጣራው ወጪ ከብዷቸው ሳይሆን፣ ለሁለተኛው ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት መሆኑን አስረድቷል። ድኻው በዝናብ የሚደበደበው ማንም ጠልቶት ሳይሆን፣ ባለ ገንዘቡ አይቶ እንዲደነግጥ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አቶ እገሌ ከኩባንያው ጓዳ ሰርቄ አወጣሁት ብሎ የሚኩራራበት ወንበር፣ ኩባንያው ራሱ በልኩ ሰፍቶ፣ መከራውን ቆጥሮ፣ ስሙን ባያውቅ ጠባዩን አውቆ ያስቀመጠለት ነው። እርሱ ግን ጣራ በሌለው ሠረገላ ላይ ቆሞ ዝናቡ በጀርባው እየወረደ “አታለልኋቸው” እያለ ይስቃል።

ወደ ጉዞው እንለፍ፤ የገድሉ ተአምራት የሚነበቡት በዚያ ነውና። ከናይሮቢ ወደ ቶክዮ ለመሄድ ለኢትዮጵያዊ የተዘጋጀ መንገድ የለም እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በሆንግ ኮንግ፣ ኋላም በሴኡል ኢንቺዮን በኩል ወደ ናሪታ መብረር ጀምሯል፤ ከናይሮቢ ቦሌም የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ይህ ግን ለተጋዳይ አይሆንም። በአንድ ትኬት፣ ሻንጣው ሳይነካ፣ በመካከል ከዘመዶቹ ጋር ቡና ጠጥቶ የሚደርስ ሰው ምን ገድል አለው? ስለዚህ አቶ እገሌ ከሦስት ኩባንያ ሦስት ትኬት ይገዛል፤ አንዱ ወደ ሙምባይ፣ አንዱ ከሙምባይ ወደ ባንኮክ፣ አንዱ ከባንኮክ ወደ ናሪታ። ሦስቱ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁምና፣ የመጀመሪያው የዘገየ እንደ ሆነ ሁለተኛው ሳይጠብቀው ይሄዳል፣ ገንዘቡንም ማንም አይመልስለትም። ሻንጣውን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ለማስረከብ ድንበር መሻገር አለበት፤ ድንበር ለመሻገር ደግሞ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለቪዛው ገንዘብ ይከፈላል። የመጨረሻው ኩባንያ 7 ኪሎ የእጅ ዕቃ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ሽሮው፣ በርበሬውና ቆሎው በሚዛን ፊት ቆመው ስለ ኃጢአታቸው ይጠየቃሉ፤ ከፊሉ በጃኬት ኪስ ይድናል፣ የቀረው በየኪሎው ይከፈልበታል። ቁጠባ በዚህ ጊዜ ወደ ባሕርይ ተለውጦ ነበርና፣ ከዌስትላንድስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ የተከፈተውን የናይሮቢ ፈጣን መንገድ ትቶ፣ የማለፊያውን ሽልንግ ላለመክፈል ከሥሩ ባለው የሞምባሳ መንገድ ይሄዳል፤ ከላዩ ለሚያልፉትም መኪናዎች ስለ አባካኝነታቸው ያዝንላቸዋል።

ናሪታም ከቶክዮ መካከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ናት፤ ለጎረቤቶቿ እንቅልፍ ሲባልም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በረራ አይካሄድባትም። ርካሹ ትኬት ምሽቱን አምሽቶ የሚያደርስ ነው፤ የመጨረሻው ባቡር ያመለጠው ሰው በታክሲ ቢሄድ ከሦስቱ ትኬት ያተረፈው ሁሉ በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ በሆቴል ቢያድርም እንዲሁ። ስለዚህ በአግዳሚ ወንበር ላይ ያድራል። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ 40 ቀን ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ከፈጸመ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተደንቆ ነበር፤ በሦስት አውሮፕላን ማረፊያ አግዳሚ ላይ የተኛው ወገኑ ግን ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቅቶት የጽዳት ሠራተኛ ሲደግፈው ማንም ፎቶግራፍ አያነሣም።

ስለ ወቅቱም ጥቂት ልበል። በቶክዮ ሳኩራ የሚባለው አበባ የሚፈነዳው በመጋቢት አጋማሽና ፍጻሜ ሲሆን፣ ዓለም ሁሉ ይህን ለማየት ስለሚጎርፍ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ከሚያዝያ 21 ግድም ጀምሮ በሚውሉት የጃፓኖች ተከታታይ በዓላትና በነሐሴው የሙታን መታሰቢያ ሰሞንም እንዲሁ። ርካሽ የሚሆነው ከጥምቀት በኋላ ባለው ብርድ፣ ደግሞም ጃፓንን ዝናብ በሚያጥባት በሰኔ ነው። አቶ እገሌ አበባውን እንዳያይ የከለከለው ዋጋው መሆኑን በግልጥ አይናገርም፤ “መጋቢትማ ሁዳዴ ነው፣ በጾም ወራት ዓሣ አገር ምን አደርጋለሁ?” ይላል እንጂ። ምክንያቱ ከሃይማኖት አንጻር የሚነቀፍ አይደለም፤ የጃፓን ሾርባ ሳይቀር በዓሣ የተቀመመ መሆኑን አጥንቶ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ሰው በቀሩት ዓመታት በሁዳዴ ያዘወትረው የነበረውን ምግብ ቤት የማውቅ ስለ ሆንሁ፣ ጾሙን ያጸናለት አየር መንገዱ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም። በመጨረሻው በሰኔ ሄዶ የፉጂን ተራራ በደመና ተሸፍኖ አይቶ፣ ራሱም በጃንጥላ ተሸፍኖ ይመለሳል። በቀኑ መረጣ የዘገየበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ትርፍ አስገኝቶለታል፤ ዋጋው 40 ዶላር እስኪወርድ ሲጠብቅ፣ ጎብኚዎች በጃፓን ባቡር ለ7 ቀን የሚጓዙበት ማለፊያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ከፍ አለ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላኩ ጊዜ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት በባሕር ተጉዘው ደረሱ፤ በተመለሱም ጊዜ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተሰኘውን መጽሐፍ ለሕዝባቸው አበረከቱ። የዚያ ዘመን ምሁራን አገራቸው እንዴት እንደ ጃፓን እንደምትነሣ ሲጨነቁ ያድሩ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥትም ቢሆን የጃፓኑን የሜይጂን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነው። እኛም ስለ ጃፓን ሌሊት በማደር ከእነርሱ አላነስንም። የአቶ እገሌም መጽሐፍ ቢጻፍ “ማኅደረ ቅናሽ” ይባል ነበር፤ በቃል ግን ከወዲሁ በየቡናው ይነበባል፤ ከጃፓን ተመልሶ በዌስትላንድስ ከወዳጆቹ መካከል በተቀመጠ ጊዜ “እንዴት ነው አገሩ?” ብለው ቢጠይቁት፣ ስንት እንደ ከፈለ፣ ሌላው ሰው ስንት እንደ ከፈለ፣ በዚያ ማክሰኞ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደ ገዛው ይነግራቸዋል። “ሕዝቡስ?” ቢሉት፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው ጃፓናዊ ከእርሱ እጥፍ እንደ ከፈለ በማረጋገጥ ያብራራል። ሰሚዎቹም ስለ አገሩ ከመጠየቅ ይልቅ ስልካቸውን አውጥተው መፈለግ ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ኢትዮጵያዊ ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ርካሹ ትኬት ደግሞ ቪዛን አይጠብቅም፣ ሌሊቱን ካልተገዛ ሲነጋ አይገኝምና፣ ተጋዳዮቻችን አስቀድመው ገዝተው ኋላ ያመለክታሉ። ለማመልከቻው ከሚቀርቡት ወረቀቶች አንዱ፣ ተጓዡ በየቀኑ የሚውልበትንና የሚያድርበትን የሚዘረዝር መርሐ ግብር ነው፤ ወራት ሙሉ ዋጋ ሲያጠና የከረመው ሰው ኪዮቶ ከቶክዮ በየት በኩል እንደምትገኝ የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሴት ልጁ “አባዬ፣ እዚህ ጋ” ብላ በካርታ ታሳየዋለች። ከዚያ ቀጥሎ ቅጹ የጉዞውን ዓላማ ይጠይቀዋል፤ እርሱም እንደ ሌላው ሁሉ “ጉብኝት” ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣል። ለባለሥልጣን ሐሰት መናገር በሕግም በሃይማኖትም የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ምክር ብጠየቅ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ “ርካሽ ስለ ነበረ” ብሎ እንዲጽፍ እነግረው ነበር፤ እውነቱን ስለ ተናገረ ቪዛውን ይከለክሉት ይሆናል፣ ትኬቱም ገንዘቡ የማይመለስ ነው።