ስለ ኢሜይል ሰርቨር አስተዳደር ከያዮ መዝገብ ቤት አንጻር

የኢሜይል ሰርቨር ማለት የአንድን ድርጅት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች የሚቀበል፣ የሚልክ፣ የሚያስቀምጥና ለየባለቤቶቻቸው የሚያድል ኮምፒውተር ነው፤ ይህንኑ ሥራ ግን በመቱ፣ በጎሬና በያዮ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ሲሠራው የኖረው መዝገብ ቤት ነው። በእነዚህ ከተሞች አንድ ደብዳቤ ገቢ ሆኖ ቁጥር ካልተሰጠው ደርሷል አይባልም፣ ወጪ ሆኖ ክብ ማኅተም ካላረፈበት ተጽፏል አይባልም፣ ግልባጭ ሳይደረግለት የቀረ የሥራ ክፍል ኃላፊም አኩርፎ መክረሙ የታወቀ ነው። የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ማለትም በተለምዶ «የአይቲ ልጅ» የሚባለው ባለሙያ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች የፈረንጅ ስም ይልበሱ እንጂ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስትመልሳቸው የኖረቻቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ልዩነቱ እሷ ጥያቄ ሲበዛባት መስኮቱን ዘግታ ለምሳ መውጣት መቻሏ ሲሆን፣ እሱ ግን የሚዘጋው መስኮት የለውም፣ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ደብዳቤና ንግድ እነዚህ ከተሞች በሚገኙበት በኢሉባቦር አብረው ያደጉ ናቸው። ኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የጀመረችው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ የአካባቢው ቡና በጎሬ በኩል በአጋሰስ ወርዶ፣ በጀልባ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ባሮ ለእንፋሎት ጀልባ የሚበቃ ውኃ የሚይዘው በክረምት ብቻ ስለነበረ፣ የዚያን ዘመን የጎሬ ነጋዴ ንግዱ እንዲንቀሳቀስለት ዝናብ ይለምን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ እንኳ ሳይሰማ፣ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ያነሱና አስተዳዳሪ ሁሉ የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ የተላከልን ደብዳቤ የት ነው ያለው?

መልሱ ከሚጠበቀው በላይ የሚያጽናና ነው። ኤስ ኤም ቲ ፒ የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1982 መልክ የያዘው የሰርቨሮች መነጋገሪያ ደንብ የተነደፈው ኮምፒውተሮች ራሳቸው ብልጭ ድርግም በሚሉበት ዘመን ስለነበረ፣ ትዕግሥት በውስጡ ተጽፎበታል። ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ቢያጣው ደብዳቤውን አይጥልም፤ በወረፋ አቆይቶ፣ ደንቡ እንደሚመክረው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እያሳለፈ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ተስፋ ቆርጦ «አልደረሰም» ሲል ለጸሐፊው የሚመልሰውም 4 ወይም 5 ቀን ያህል ከጠበቀ በኋላ ነው። ይህ ትዕግሥት ከብዙ ቡና ገዢዎች ትዕግሥት ይበልጣል። ወሰን ግን አለው፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለመመለስ ሳምንታት ስለፈጀበት፣ ያለ ግንኙነት ለቀረ ሰርቨር የተላከ ደብዳቤ ደንቡ የሚለውን ያህል ጠብቆ፣ እጅ ነሥቶ ወደ ላኪው ተመልሷል።

እዚህ ላይ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ክርክር ይነሳል። ብዙ ሥራ አስኪያጆች ንብረት ከዓይን ሲርቅ ደስ አይላቸውም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ከጽሕፈት ቤታቸው፣ ቢቻል ከጠረጴዛቸው ሥር፣ ቢቀመጥ ይመርጣሉ፣ እግራቸውንም በክረምት ያሞቅላቸዋል። ነገር ግን የደብዳቤ ሰርቨር ከመብራትና ከቅዝቃዜ ሌላ መልካም ስምም ያስፈልገዋል። በዓለም ላይ የቆሻሻ ደብዳቤ፣ ማለትም ስፓም፣ የሚልኩ የኢንተርኔት ቁጥሮችን እየመዘገቡ የሚያሳውቁ ድርጅቶች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ ስፓምሃውስ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ነው። አንድ ድርጅት ለተራ ደንበኛ የሚታደልና ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት መስመር ላይ ሰርቨር ቢተክል፣ በማያውቀው ጎረቤት ኮምፒውተር ውስጥ በተደበቀ ቫይረስ ጦስ እሱም በጥቁር መዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ንጹሕ የቡና ዋጋ ማቅረቢያ ሁሉ ገዢው ዘንድ ከሎተሪ ማጭበርበሪያ ጋር አብሮ ይታሰራል። ስለዚህ ስምንት ሠራተኛ ያለው የያዮ ቡና አቅራቢ ሰርቨር ከመትከል ይልቅ፣ ጄኔሬተር ካለው አቅራቢ ዘንድ የደብዳቤ ሳጥን ቢከራይ ይሻለዋል፤ ለእግር ማሞቂያ ሌላ መሣሪያ አይጠፋም።

የአድራሻ ጉዳይ ቀላል መስሎ ጉባኤ የሚያስጠራ ነው። የኢሜይል አድራሻ ከ«አት» ምልክቱ በፊት የሰው ወይም የሥራ ክፍል ስም፣ ከምልክቱ በኋላ ደግሞ ዶሜይን የሚባለውን የድርጅቱን መጠሪያ ይይዛል፤ ዶሜይኑ በላቲን ፊደል ይጻፍ ሲባልም ጠቡ ይጀመራል። የመንገድ ካርታው ከተማዋን «ያዮ» ብሎ ይጽፋል፤ ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ሆሄ፣ አናባቢዎቹን እየደረበ ያረዝማታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የጫካ ቡናዋን ደን በባዮስፌር ክልልነት ሲመዘግብ ደግሞ መጨረሻዋን ለውጦ «ያዩ» ብሏታል። የዱር ቡና የሚበቅልበትን ደን ዓለም አውቆት ሳለ ስሙ በሦስት ዓይነት መጻፉ ለገጣሚ ጸጋ ነው፣ ለሰርቨር አስተዳዳሪ ግን ሦስት ዶሜይን ገዝቶ፣ ሦስቱንም ወደ አንድ ሳጥን አዙሮ፣ የሦስቱንም ዓመታዊ ክፍያ የማስታወስ ዕዳ ነው። ክፍያው የተረሳ ዕለት ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል፣ ጥፋቱም በኔትወርክ ይመካኛል።

ሰው ሲሰየም ነገሩ ይብሳል። ጫላ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ስሙን በቁቤ ሲጽፍ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው ልማድ በተሞላው የትምህርት ማስረጃው ላይ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው ይገኛሉ፣ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥርም ሌላ ጫላ ይወለዳል። አስተዳዳሪው በአንደኛው ጫላ አድራሻ ሲከፍት፣ ባለቤቱ በስልክ ለደንበኛ ሁለተኛውን ይነግራል፣ ደንበኛውም ሦስተኛውን ይጽፋል፤ ሰርቨሩ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ይመልሳል፣ ጫላም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ውጭ አገር ላለ ሰው እንደሌለ ይነገርለታል። መድኃኒቱ ቅጽል አድራሻ ነው፤ በየትኛውም አጻጻፍ የመጣው ደብዳቤ ወደ አንዱ ሳጥን እንዲገባ ሰርቨሩ ላይ ማዘዝ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጠው መድኃኒት ግን መዝገብ ቤቱ ጥንት ያወቀው ነው፦ ደብዳቤ ለሰው ሳይሆን ለሥራ ክፍል ይጻፍ። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች ለሽያጭ፣ ለመረጃ፣ ለቅሬታና ለመሳሰሉት ክፍሎች የጋራ አድራሻ እንዲኖር እ.ኤ.አ. በ1997 በጽሑፍ ሲመክሩ፣ በመቱ «ለሽያጭ ክፍል» ተብሎ መጻፍ ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነበር።

ይህ ምክር ያልደረሰው መሥሪያ ቤት የሚታወቀው በጂሜይል ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን በአንድ ወቅት የነበረ ትጉህ ሠራተኛ በራሱ ስልክ ቁጥር ከፍቶት፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ ኮምፒውተር በተቀየረ ቁጥርም የማረጋገጫው ኮድ ወደ እሱ ስልክ ይሄዳል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚነበበው ትጉሁ ሰው ስልኩን ሲያነሳ፣ ከስብሰባ ሲወጣና በተለይ በዝውውሩ የቆየበት ቅሬታ ሲበርድለት ነው። ርክክብ ሲደረግ ወንበርና የወረቀት መብሻ ሳይቀር በሞዴል ተቆጥሮ ሲፈረም፣ የይለፍ ቃል ግን ቁጥር ስለሌለው ሳይቆጠር ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የማኅተም ነገር ነው። ማኅተሙ ትንሽ የደበዘዘበትን ሸኚ ደብዳቤ «ይህ አይነበብም» ብሎ ባለጉዳዩን ከመቱ ወደ ያዮ የሚመልስ መሥሪያ ቤት፣ ማንም ሰው በካፌ ተቀምጦ ከከፈተው አድራሻ የመጣለትን ኢሜይል ያለ አንዳች ጥርጣሬ ይቀበላል። ኢሜይል ሲፈጠር ማኅተም አልነበረውምና የላኪው ስም ከፖስታ ጀርባ እንደሚጻፍ ስም ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ቦታ ነበር፤ ማኅተሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። ኤስ ፒ ኤፍ የሚባለው «በእኛ ስም ደብዳቤ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚል፣ በዶሜይኑ ይፋ መዝገብ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር ነው። ዲኪም የሚባለው ደግሞ ሰርቨሩ በምስጢር በያዘው ቁልፍ በእያንዳንዱ ወጪ ደብዳቤ ላይ የሚያሳርፈው የሒሳብ ፊርማ ሲሆን፣ ደብዳቤው በመንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢቀየርበት ፊርማው ይፈርሳል፤ ክብ ማኅተም ይህን ማድረግ አይችልም። ዲማርክ የሚባለው ሦስተኛው፣ ሁለቱም ሳይሟሉ የቀሩበት ደብዳቤ ዝም ብሎ ይለፍ፣ ወደ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን ለተቀባዩ የሚናገር መመሪያ ነው። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ በብዛት ከሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ በሌላ አነጋገር፣ የኢሉባቦር መዝገብ ቤት ያቋቋመውን ሥርዓት ተቀብለዋል።

ማኅተሙ ለቡና ነጋዴ ጌጥ አይደለም። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች ይይዛል፤ የዚህን ዋጋ ገዢው ወደየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚልክ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በአንድ የኢሜይል አባሪ ነው። ሌባው ጆንያ አይሸከምም፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይዞ የሁለቱን ወገኖች ደብዳቤ በዝምታ ሲያነብ ይከርምና፣ ክፍያ ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የምትል አጭር ደብዳቤ ይጽፋል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት ማጭበርበር 2.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደጠፋ ከደረሱት አቤቱታዎች ደምሮ አሳውቋል። ሦስቱ ማኅተሞች የድርጅቱን ትክክለኛ ስም ከመኮረጅ ይከላከላሉ፣ አንድ ፊደል ለውጦ ተመሳሳይ ዶሜይን ከሚገዛ ሌባ ግን አያድኑም፤ ስሟ በሦስት ዓይነት የሚጻፍ ከተማ ላይ ደግሞ ሌባው ብዙ አይደክምም። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ለውጥ ሲመጣ በደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ ወደሚታወቀው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል፣ ዋጋውም የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው።

የቀሩት ጥያቄዎች በአጭሩ የሚመለሱ ናቸው። ሳጥን ለምን ሞላ ለሚለው፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንደ ሠርግ ፎቶግራፍ በከፍተኛ ጥራት ስካን ተደርጎ ስለተላከ ነው፤ አባሪ ደግሞ ለጉዞ ወደ ፊደላት ሲመነዘር በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ፣ 20 ሜጋ ባይት የነበረው ተቀባዩ ደጃፍ ሲደርስ 25 ሜጋ ባይት አልፎ ይገኛል። አማርኛው ለምን ተበላሸ ለሚለው፣ ጸሐፊዋ የዩኒኮድን ፊደል ትታ የጥንቱን የግዕዝ ፎንት ስለተጠቀመች ነው፤ ፎንቱ የሌለው ተቀባይ የሚያየው የላቲን ፊደላትና የነጥቦች ልቅሶ ነው። ደብዳቤው ለምን በ1962 ዓ.ም. እንደተጻፈ ያሳያል ለሚለው፣ የውስጥ ባትሪው የሞተበት መሣሪያ መብራት ሲመለስ ሰዓቱን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ስለሚጀምር ነው፤ በዚያ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ በአግባቡ ቢታይ ለግርማዊነታቸው መንግሥት ግልባጭ ሊደረግለት ይገባ ነበር።

የላክሁት መድረሱን በምን አውቃለሁ የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ አይፈታም። ሰርቨሩ በማስታወሻ መዝገቡ ውስጥ 250 የሚል ቁጥር ካሳየ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ተረክቧል ማለት ነው፤ ሰውየው አንብቦታል ማለት ግን አይደለም፣ መዝገብ ቤት ፈርሞ የተረከበውን ደብዳቤ ኃላፊው አይተውታል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ። ስለዚህ በመቱ ያለ ላኪ ኢሜይሉን ልኮ ሲያበቃ፣ መላኩን ለመንገር ያዮ ያሉትን ኃላፊ በስልክ ይጠራል፤ ኃላፊውም ከልብ አመስግነው፣ መብራት እንደሌለና ኮምፒውተሩ እንደማይከፈት ከነገሩት በኋላ፣ ያንኑ ደብዳቤ በቴሌግራም እንዲልክላቸው ይጠይቁታል።