የተሳሳተ መልስ የዘር ሐረግ

በባዮሎጂ ፈተና ዜሮ የሚያገኝ መልስ ሁሉ ካለማጥናት የመጣ ነው ብሎ መደምደም ለአራሚው ቢቀልም ለተማሪው ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ከሚሰረዙት መልሶች ብዙዎቹ ታላላቅ ሊቃውንት በሙሉ ልብ ያመኑባቸው ስለሆኑ፣ የተማሪው ጥፋት መሳሳቱ ሳይሆን ዘግይቶ መሳሳቱ ነው።

በዕድሜ ሁሉንም የሚቀድመው «ተክል ምግቡን ከአፈር ይመገባል» የሚለው መልስ ሲሆን፣ አርስቶትልም ከዚህ የራቀ እምነት ስላልነበረው፣ ማሳ ላይ ዩሪያ ሲበተን እያየ ያደገ የገበሬ ልጅ ከፈላስፋው ጋር ቢስማማ አያስደንቅም። በብራስልስ የተወለደው ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ግን በ90 ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር ላይ የአኻያ ችግኝ ተክሎ ለ5 ዓመታት ውሃ ብቻ ካጠጣው በኋላ፣ ዛፉ ከ2 ኪሎ ግራም ገደማ ተነሥቶ ወደ 77 ኪሎ ግራም ሲደርስ አፈሩ የጎደለው 57 ግራም ያህል ብቻ መሆኑን መዝኖ አረጋገጠ፤ ሥራውም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። ይሁንና እርሱም ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ስለደመደመ፣ ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውሃንና ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚለውጥበትን ሂደት፣ ማለትም ፎቶሲንተሲስን፣ አስረዳ ተብሎ ዛሬ ቢፈተን ከግማሽ ነጥብ በላይ አያገኝም። በፈረቃ የሚማረው ተማሪ በበኩሉ ለተክሉም ፈረቃ አውጥቶለት፣ ፎቶሲንተሲስን ለቀን፣ ስኳሩን በሕዋስ ውስጥ ሰባብሮ ኃይል የማውጣቱን ሥራ፣ ማለትም ሪስፓይሬሽንን፣ ለሌሊት ይደለድላል፤ ተክሉ ግን ይህን ሁለተኛውን ሥራ ቀንም ሌሊትም አያቋርጠውም።

ሌላው ባለ ታሪክ መልስ «ቀጭኔ ቅጠሉ ቢርቃት አንገቷን ስባ ስባ አስረዘመች፤ ለልጆቿም አወረሰች» የሚለው ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 በተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም ለአካባቢው የሚስማማ ባሕርይ ይዘው የተወለዱት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ዘር በመተካታቸው፣ ፍጥረታት እንደሚለወጡ ቢያስረዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ ከየአካል ክፍሉ የሚወጡ ቅንጣቶች በሕይወት ዘመን የተገኘን ለውጥ ለልጅ ሊያደርሱ እንደሚችሉ ስለጻፈ፣ አራሚው ለእርሱም አይራራለትም። «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደው» የሚለው መልስ የዚሁ የላማርክ የልጅ ልጅ ነው፤ በእርግጥ የሚሆነው ግን መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲፈጅ በዘረ መላቸው ለውጥ የተነሣ መቋቋም የሚችሉት ተርፈው መራባታቸው ነው።

ዶሚናንት፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ ባሕርይ፣ በሕዝብ ውስጥ የግድ የበዛ መሆን አለበት የሚለው ስህተትም ዘመድ አላጣም። ተማሪው በፈተና ወረቀቱ ጠርዝ የሚሥለውን ካሬ ሠንጠረዥ ያወጣው ፓኔት ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ወዳጁ ወደ ሒሳብ ሊቁ ሃርዲ ሄዶ ነበር፤ ሃርዲም እ.ኤ.አ. በ1908 በአጭር ጽሑፍ ዶሚናንት መሆን ብቻውን ባሕርይውን እንደማያበዛው አሳየ። ስድስት ጣት ይዞ መወለድ ብዙ ጊዜ በዶሚናንትነት ቢወረስም፣ አምስት ጣት ያለው ሰው አሁንም እጅግ ይበዛል።

ሊቅ ዘመድ የሌላቸው ስህተቶችም አሉ፤ ደም መልስ ሥሮች በመማሪያ መጽሐፍ በሰማያዊ ቀለም ስለሚሣሉ ደሙን ራሱን ሰማያዊ የሚያደርገው መልስ የማተሚያ ቤት ልጅ ሲሆን፣ «አወዳድር» ተብሎ ሁለቱን ነገሮች በየፊናቸው በሁለት ገጽ የሚተርከው ደግሞ የሸመደዱትን ሁሉ የማፍሰስ ጉጉት ልጅ ነው።

ምክንያቱን ጽፎ የተሳሳተ ተማሪ ግን ሐሳቡ የት እንደ ጠመመ ስለሚታይ ይታረማል። የሚያሳስበው ከሀ እስከ መ ካሉት አንዷን በግምት አጥቁሮ የሚያገኘው ነው፤ ማንም ምን አስበህ ነው ብሎ ስለማይጠይቀው፣ ሙሉ ነጥቡን ተቀብሎ ላማርክን በሆዱ እንደያዘ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።