ብርን በጆግ የመለወጥ ጥበብ

ከቁም ሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ብር ወጣልዎ እንበል፤ የእግር አልቦ፣ የአንገት ድሪ፣ ኩክ ማውጫና ሁለት ጠገራ። ከእንግዲህ የሚያደርጋቸው የለም፤ ይሸጡ። አብነት ሰፈር ለሚኖር ሰው አንድ አደጋ ብቻ አለ፦ መርካቶ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ሳያስቡት ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ሊያጠያይቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከግቢ አይውጡ። «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ራሱ በርዎ ድረስ ይመጣል።

እስኪመጣ ዕቃውን ያጽዱ። በሽቦ፣ በአመድ፣ ካልበቃም በሎሚ። የምኒልክ ብር ካለዎት በሁለቱም ገጽ በርታ ይበሉ፤ ፲፰፻፹፱ የሚለው የግዕዝ ቁጥር ደብዝዞ እስኪጠፋ። ሳንቲም ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ቁጥርና ለዚያ ጥቁረት ነበር፤ አሁን ግን ንጹሕ ሆኗልና እንደ ተራ ብረት ይመዘናል።

ይመዘናል ስል ገዢው ይመዝነዋል ማለቴ ነው። እርስዎ በፍጹም እንዳይመዝኑ። አንድ ማርያ ቴሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ጥሩ ብር ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ «ግራሙን በስንት ትይዘዋለህ?» ብሎ ጨዋታውን ያበላሻል። እርስዎ «ስንት ትሰጠኛለህ?» ይበሉና አንገትዎን ደፋ ያድርጉ። የዱሮ ሰዎች ወቄት የሚሉት የዚህችኑ ጠገራ ክብደት ነበር፤ ወርቁ በእሷ ይመዘን ነበር። እኛ ሚዛኑን ራሱን ሳንመዝን እንሸጣለን። የግድ ዋጋ ማወቅ ካማረዎት ስልክዎ ላይ የዓለም ገበያን ይዩና «አንድ ወቄት ይህን ያህል ነው» ብለው ይከራከሩ። እዚያ የተጻፈው የ31.1 ግራም ዋጋ መሆኑን ገዢው ያውቃል፤ እርስዎን ለማረምም አይዘገይም።

ቀጥሎ ስለ ዕድሜ ያውሩ። «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ነው!» ይበሉ። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መትቶታል፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለንደን። ገዢው ይስቃል። እርስዎ ያፍራሉ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ የተሰጠውን ይቀበላል። (ይህ ከምክሮቼ ሁሉ የተፈተነው ነው።)

ድሪውን አገላብጦ «925 የሚል ማኅተም የለውም፣ ብር አይደለም» ቢልዎ አምነው ዝም ይበሉ። የአገራችን አንጥረኛ ጠገራ እያቀለጠ ሲሠራ ማኅተም ከየት ያመጣል ብለው አይጠይቁ። ማግኔት ይዘው ከሞከሩም በግማሹ ያቁሙ፦ አልሳበውም፣ እንግዲያው ብር ነው። መዳብንም ማግኔት አይስበውም፤ ግን እሱን ማን አነሣ?

የቆየ መስቀል ከተገኘማ ለአንድ ቱሪስት ይስጡልኝ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያስጨንቀው ቦሌ ሲደርስ እሱን ነው፤ «ከማን ገዛኸው?» ተብሎ እስኪጠየቅ ድረስ።

ቀኑን ሲመርጡ የዓውደ ዓመት ዋዜማ ይሁን፤ በግ ተራ እየጠበቀዎት መሆኑን ፊትዎ ይናገር። «የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው» ማለትም አይጎዳም፤ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

የእኛን ቤት እንደ ምስክር ልጥራ። እናቴ አልቦዋን ያወጣችው አንድ ቅዳሜ ልዋጭ በበራችን ሲያልፍ ነው። ልጁ በጥርሱ ነከስ አድርጎ «ማዘር፣ ይቺ እኮ ኒኬል ናት፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለና አንድ አረንጓዴ ጆግ ከነክዳኑ ሰጣት። እሷም በጆጉ ተደስታ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ሁለት ብርጭቆም ምራቂ አገኘች።

ጆጉ አሁንም አለ፤ እጀታው ተሰብሯል። ባለፈው ሰሞን ልዋጭ ሲያልፍ ይዤው ወጣሁ። አገላበጠውና መለሰልኝ፦ «ፕላስቲክ አንወስድም።»