የሆያ ሆዬ ቡድን አደረጃጀት፣ ገቢና ክፍፍል፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጦ የተደረገ ጥናት

የቡሄ፣ የነሐሴ 13 በዓል፣ መነሻ የታወቀ ስለሆነ ጥናታችን አይገባበትም። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠ፤ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ከመስክ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። የጅራፉ ጩኸት የአብን ድምፅ፣ ችቦው ያን ብርሃን ያስታውሳል። ይህን የሚያብራሩ መምህራን ከልደታ ማርያም ደጅ አይጠፉም። ሳይጠና የቀረው ሌላው ነው፤ ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል፣ ማን ይይዘዋል፣ ነገሩስ ለምን ሁልጊዜ በጠብ ያልቃል?

ከአደረጃጀቱ እንጀምር። ቡድኑ ከአራት ልጅ ካነሰ ድምፁ ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም፤ ከአስር ከበለጠ ደግሞ የአንዱ ድርሻ ከረሜላ አይገዛም። ትክክለኛው ቁጥር በየብሎኩ ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ ይገኛል። አውራጁ ግጥሙን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ልጅ መሆን ነበረበት፤ በተግባር ግን ዱላው የራሱ የሆነው ልጅ ያወርዳል። ተቀባዮቹ መሬቱን እየደቁ ይቀበላሉ። በኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ይህ ድርጊት ከታች ላለው ጎረቤት የበዓሉን መድረስ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ በእርግጠኝነት ያሳውቃል።

ገንዘብ ያዡ የሚመረጠው በሁለት መስፈርት ብቻ ነው፤ ኪሱ ያልተቀደደ፣ ሮጦ የማያመልጥ። ታማኝነት መስፈርት ሆኖ አያውቅም፤ ልጆቹ ከአንዳንድ ትልልቅ ተቋማት ቀድመው የገባቸው ነገር አለ።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ጥጉ ላይ የሚቆመው ትንሹ ልጅ ነው። እናቱ «ወንድምህን ይዘኸው ካልሄድክ አንተም አትወጣም» ስላለች ብቻ የመጣ ነው። ግጥም አያውቅም፣ ዱላው ከቁመቱ ይረዝማል፣ ቅበላው ሁልጊዜ አንድ ቃል ዘግይቶ ይደርሳል። ይሁንና የባለቤቲቱን አንጀት የሚበላው እሱ ስለሆነ ብሩ የሚቀመጠው በእሱ መዳፍ ላይ ነው። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ወንድም ከሌላቸው ይዋሳሉ።

ወደ ዜማው ስንመጣ፣ ሆያ ሆዬ በይዘቱ ከአቤቱታ አይለይም። መጀመሪያ ውዳሴ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ ከዚያ ጥቂት ጊዜ መጠበቅ፣ በመጨረሻም እንደ ውሳኔው ምርቃት ወይም ሽሙጥ። የሚወደሰው ሰፊ ደጅ ያለው፣ ከብት የሞላው ጌታ ነው። ውዳሴው ደርሶ የሚያርፈው ግን ኪራይ የሚያስጨንቀው የባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይ ላይ ነው። ተከራዩ እስካሁን ማስተካከያ አልጠየቀም፤ በዓመት አንድ ቀን ጌታ መባልን ማን ይጠላል?

ተከላካይ ወገንም የራሱ ስልት አለው። መብራት ይጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይቀነሳል፣ ቤተሰቡ ትንፋሹን ይውጣል። ስልቱ የሚከሽፈው በር ላይ በተደረደሩት ጫማዎች ነው። ስድስት ጥንድ ጫማ በሩ ላይ እያለ ሰው የለም ማለት ልጅን መናቅ ነው፤ የዚህ ቅጣትም በሽሙጡ ክፍል ውስጥ ከነዝርዝሩ ተቀምጧል። «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ጥንታዊ መከላከያ ደግሞ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተዳክሟል። «ጋሼ፣ በስልክም እንቀበላለን» የሚል አውራጅ ፊት ምን ይባላል?

ንጽጽር የሌለው ጥናት ጥናት አይባልምና ወደ ዌልስ እንሻገር። እዚያ በገና ሰሞን ማሪ ሉዊድ የሚባል ሥርዓት አለ። የፈረስ ራስ ቅል እንጨት ላይ ተሰክቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በየደጁ ይዞራል። ተከታዮቹ ደጅ ቆመው በግጥም ይሳደባሉ፣ ባለቤቱም ከውስጥ በግጥም ይመልሳል። ባለቤቱ ግጥም ያለቀበት ጊዜ በር ከፍቶ ማብላትና ማጠጣት አለበት። ካሌኒግ በሚሉት ልማድ ደግሞ ልጆች በፈረንጅ አዲስ ዓመት ጠዋት እየዘመሩ ሳንቲምና ጣፋጭ ይሰበስባሉ፤ ከቀትር በኋላ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ብሪታንያ በ1752 እ.ኤ.አ. የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር የግዋን ሸለቆ ሰዎች ውሳኔው አልተዋጠላቸውምና እስከ ዛሬ አዲሱን ዓመት የሚያከብሩት ጃንዋሪ 13 ነው። የራስን ቀን ይዞ ዓለምን «ተሳስታችኋል» በማለት ዘመዶቻችን ናቸው።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የልደታ አባወራ በግጥም አይመልስም፤ «ቅድም ለሌሎቹ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ በስድ ንባብ። የቀትር ገደብ የሚባል ነገርም እኛ ዘንድ የለም። ለዘላቂ ሰላም ሲባል ከዌልስ ብንወስደው የማያስከፋ አንድ ሐሳብ ይኸው ገደቡ ነው።

ጅራፍ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ ሲጮህ የምንሰማው ገመዱ ሲላተም አይደለም፤ ጫፉ ከድምፅ በላይ ስለሚፈጥን የሚፈጠረውን የአየር ፍንዳታ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እናስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ከመግባቱ በፊት መናኸሪያው ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲጀምር፣ ያበረራቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች የድምፅን ፍጥነት ሲሶ እንኳ አይሞሉም ነበር። አሜሪካዊው ቸክ ዬገር ያን ፍጥነት በአውሮፕላን ያለፈው በጥቅምት 1940 ዓ.ም. ነው። በሜዳው ዳርቻ ከብት የሚጠብቅ ባለ ጅራፍ ልጅ ሁሉ ግን ያን ገደብ ያለ ነዳጅና ያለ ፓይለት ሲሻገር ኖሯል። በአቪዬሽን ታሪካችን ውስጥ ስሙ አለመነሳቱ ያሳዝናል። ዛሬ ጅራፉ መንገድ ዳር ተገምዶ ይሸጣል፤ የጠፋው ማጮሂያው ነው። በብሎኮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ከድምፅ የሚፈጥን ነገር ደግሞ ከመኪና መስታወት ጋር አይስማማም። የጥበቃው ሰውዬ በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው አቋም ጽኑ ነው።

«የድሮ ቡሄ ቀረ» የሚለውን ሮሮ መመርመርም የዚህ ጥናት ግዴታ ነው። መቼ ቀረ? አንዱ ደርግ ሲመጣ ይላል። ሌላው ኢሕአዴግ ሲገባ። ሦስተኛው አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲነሳ። ሁሉም የሚናገሩት የገዛ ጉሮሯቸው የጎረነነበትን ዓመት ነው። እውነተኛው ቡሄ ተናጋሪው ተቀባይ ሆኖ የጨረሰበት ነሐሴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰጪ ሆኗልና ምን ይጣፍጠው?

ከሮሮው ውስጥ የሚቀበሉት አንድ ነገር ግን አለ። የቀበሌ ቤቶቹ ደጃቸው አፈር ነበር፤ ዱላ ሲመታው ከማንም ጣሪያ ጋር አይጣላም። ግንቦት 1 ልደታ ለማርያም ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጎረቤት ከቤት ወጥቶ ደጅ የሚበላበት በዓል ነው። በስሙ የሚጠራው ሰፈር ዛሬ ያን በዓል የሚያከብረው በሁለት መኪኖች መካከል ምንጣፍ አንጥፎ ነው። መኪኖቹ ንፍሮ አልተነፈጋቸውም።

ነገሩ ለምን በጠብ ያልቃል ለሚለው ዋና ጥያቄ መልሱ ያለው ሙልሙሉ ውስጥ ነው። ዱሮ የክርስትና አባት ለልጁ፣ እናት ለደጅ ዘፋኙ ሙልሙል ትሰጥ ነበር። ሙልሙል አይመነዘርም፣ ኪስ አይገባም፣ ትኩስ እያለ መንገድ ላይ ይበላል፤ ስለዚህ ሒሳብ ያዥ አያሻውም። ጋጋሪው ሲጠፋ ብር ተተካ፤ ብር ሲመጣ ገንዘብ ያዥ ተሾመ፤ ገንዘብ ያዥ ሲሾም ጠብ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዳቦው ቀረ እያሉ የሚያዝኑት ሰዎች ብሩን የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ክፍፍሉ የሚካሄደው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። አውራጁ ለድምፁ፣ ባለ ዱላው ለዱላው ተጨማሪ ይጠይቃል። ትንሹ ልጅ በገዛ መዳፉ የተቀበለው ሁሉ የራሱ ይመስለው ስለነበር ማልቀስ ይጀምራል። ገንዘብ ያዡ አራተኛ ፎቅ የሰጡት አምሳ ብር ሃያ ነበር ብሎ ይምላል። በአካባቢው የዳኝነት ተቋም እጥረት የለም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ልደታ ምድብ በእግር የሚደረስ ነው። ችግሩ የቀኑ ነው። ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው። የአምሳ ብር የቡሄ ድርሻ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን ሕጉ አይናገርም። መደበኛው ችሎት ሲከፈት ደግሞ ተከራካሪዎቹ በብሩ ኳስ ገዝተው፣ ኳሱም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀርቶ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ የአበባ ሥዕል በሽርክና ሠርተው ጨርሰዋል። ገንዘብ ያዡም ያው ልጅ ነው።