ለአማካዩ ቀን የተገዛ ሰርቨር

የፈተና ውጤት ማሳያውን ሰርቨር አቅም አስልተው የሚያጸድቁልንን ባለሙያዎች የሚያማ ሁሉ ሒሳብ አያውቅም። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ተማሪ ከ585 ሺህ በላይ ነበር። ይህ ለዓመቱ ሰከንዶች ሲካፈል በየ54 ሰከንዱ አንድ ተማሪ ይደርሳል። አንድ! ለዚህማ የጸሐፊዋ አሮጌ ኮምፒውተርም ይበዛበታል። ጥፋተኛው ተማሪው ነው፤ አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በግንቦት ተራውን ጠብቆ ውጤቱን ማየት ሲችል ሁሉም በአንድ ምሽት ይንጋጋል።

ይህን ስድነት ወረታ ከተማ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ውጤት ተለቀቀ በተባለ ዕለት ልጆቹ አድሚሽን ቁጥራቸውን መዳፋቸው ላይ ጽፈው ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ይሰለፋሉ። ባለቤቱ ቁጥሩን ያስገባል። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ነጭ ገጽ። «ጋሼ፣ በእናትህ አንዴ ድገምልኝ!» ይደግማል። የፊተኛው ጥያቄ ገና ዳታቤዙ ደጅ ቆሞ ሳለ ሁለተኛው ከኋላው ይሰለፋል። ማይኤስኪውኤልን የመሰለ ዳታቤዝ ካልነኩት በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 151 ግንኙነት ነው። ማንስ ይነካዋል? በአማካዩ ቀን 150ው ሥራ ፈት ነው።

ፈተናውን ያለፈው 8.4 በመቶ ብቻ ነው ሲባል አገር ጉድ አለ። ነጩን ገጽ ስንቱ እንዳለፈው ግን ጠያቂ የለውም።

እነዚህ አቃጆች ለወረታ ዙሪያው ፎገራ ሜዳ ቢመደቡልን ምንኛ በታደልን! የርብን ወንዝ በሚያዝያ ለክተው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም ብለው፣ ለመንገዱ አንዲት ቱቦ ያጸድቁ ነበር። ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙም «ከተጠበቀው በላይ ውሃ በመግባቱ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የፎገራ ሩዝ ገበሬ ግን ነሐሴ በየዓመቱ እንደሚመጣ ያለ ባለሙያ ያውቀዋል።

ውጤት ማሳያው ሲቆም «ከተጠበቀው በላይ» የሚባለው ተጠቃሚም እኮ ወራት ቀድሞ በስሙና በፎቶው የተመዘገበ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢመጣ በሰከንድ 163 ያህል ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ቢደጋግም ከ800 ያልፋል። ከተወቀሱ በኋላ ደግሞ መፍትሔያቸው ውድ ሰርቨር መግዛት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ለአንድ ምሽት የሚሠራ። ውጤት ግን ከተለቀቀ በኋላ አይለዋወጥም። ለአንድ ተማሪ አንድ ኪሎባይት ቢመደብ የአገሩ ሁሉ ውጤት አንድ ጊጋባይት አይሞላም፤ ኢንተርኔት ቤቱ ዘፈን የሚጭንባት ሚሞሪ ካርድ ትችለዋለች። የእያንዳንዱን ገጽ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ፣ ዳታቤዙንም በዚያ ምሽት ጭራሽ አለመንካት ይቻላል።

ስለዚህ የመጪውን ዓመት እቅድ የምታዘጋጁ ሆይ፣ የተፈታኙን ቁጥር ከምዝገባው መዝገብ ውሰዱና በአምስት አባዙት። ከዚያ ሰርቨሩን ራሳችሁ አስጨንቃችሁ ፈትኑት፤ ውጤቱ ከመለቀቁ ከሳምንታት በፊት።